በቀን ስንት ቃል ልጻፍ?

ጥያቄ፦ «27 ዓመቴ ነው። ፒያሳ በሚገኝ አንድ ቢሮ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቤቴ ሳሪስ ነው። ልብ ወለድ መጻፍ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። የያዝኩት ረጅም ልብ ወለድ ነው። ‹ደራሲ መሆን የሚፈልግ ሰው በቀን 1000 ቃል መጻፍ አለበት› የሚል ምክር ካነበብኩ ወዲህ፣ በየማታው የጻፍኩትን ቃል ቆጥሬ ደብተር ላይ እመዘግባለሁ። አብዛኛውን ቀን ከ150 አላልፍም። በማግስቱ ሳነበው ያስጠላኛል፤ አጠፋዋለሁ። ምዕራፍ አንድን ሰባት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ከምዕራፍ አራት አልፌ ግን አላውቅም። ጓደኛዬ ‹ድርሰት ስጦታ ነው፣ ከሌለሽ የለሽም› አለችኝ። ኮርስ ልውሰድ ወይስ ልተወው? እየተሻሻልኩ መሆኔንስ በምን ላውቅ እችላለሁ? ያለኝን 40 ገጽ ልኬልዎታለሁ።»

ምላሽ፦ የላክሽውን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አትተይው። ነገር ግን በያዝሽው መንገድ ሌላ ሁለት ዓመት ብትቆዪ እዚያው ምዕራፍ አራት ላይ ነው የማገኝሽ። ሰነፍ ስለሆንሽ አይደለም። ከሥራ ወጥቶ፣ ሁለት ታክሲ ተጋፍቶ ቤቱ ገብቶ፣ በየማታው ወረቀት ፊት የሚቀመጥ ሰው ሰነፍ አይባልም። የተሳሳተው መለኪያሽ ነው። የያዝሽው ሥራም ለጀማሪ እጅ ከባድ ነው።

ከቁጥሩ ልጀምር። በቀን 1000 ቃል የሚለው ምክር የመጣው ከእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ነው። የእኛ ቃል ደግሞ እንደነሱ ቃል አይደለም። «ስላልነገረችኝ» ብለሽ ስትጽፊ አንድ ቃል ነው የቆጠርሽው። እንግሊዝኛው ይህንኑ ለማለት ስድስት ቃል ይፈልጋል። ማን እንዳደረገው፣ በማን ላይ እንደደረሰ፣ አለመሆኑ፣ ምክንያቱ፣ ሁሉም አንዷ ግስ ውስጥ ገብተዋል። ትርጉም የሚያርም ሰው ይህን በየቀኑ ያየዋል፤ ጽሑፉ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲገባ የቃሉ ቁጥር ቁልጭ ብሎ ይቀንሳል። ስለዚህ የአንቺ 150 ቃል ከምታስቢው በላይ ነው። በዚያ ላይ ያንን ምክር የሚሰጡት ሰዎች ጽሑፍ እንጀራቸው ነው። ጠዋት ቁጭ ብለው እስከ ምሳ ይጽፋሉ። አንቺ የምትጽፊው ቀኑን ሙሉ ሒሳብ ስታመሳክሪ ውለሽ፣ ዓይንሽ ደክሞ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው።

ይህ ግን ትንሹ ስህተት ነው። የቃል ብዛት ትምህርትን አይለካም። ላለፉት 18 ዓመታት አራት ኪሎ አካባቢ ባለች ጠባብ ክፍል የሰው ረቂቅ ሳርም ኖሬያለሁ። 400 ገጽ ጽፎ፣ ገጽ 3 ላይ የሠራውን ስህተት ገጽ 398 ላይ እንዳለ የደገመ ብዙ ሰው አይቻለሁ። ብዙ ጽፏል። አልተማረም። ስህተት ሳይታረም ሲደጋገም እጅ ይለምደዋል፤ እጅ የለመደውን ማስተው ደግሞ እንደ አዲስ ከማስተማር ይከብዳል።

መቁጠር ከወደድሽ፣ በአገራችን ሌላ ቆጠራ አለ። ቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔ «ቆጠረ» ነው የሚባለው። አሰበ፣ አሰናዳ፣ ደረሰ ማለት ነው። ጀማሪው የሚቆጥረው ጉባኤ ቃናን ነው፤ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ብቻ ያለውን፣ ከሁሉም አጭሩን። ማንም መምህር አዲስ ተማሪን «መወድስ ቁጠር» አይለውም። መወድስ ስምንት ቤት ነው። ተማሪው ሁለቱን ቤት ይዞ ዛፍ ሥር ወይም አጥር ጥግ ለብቻው ይቀመጣል። ያወጣል፣ ያወርዳል። ከዚያ ሄዶ ለመምህሩ ይነግራል። ቃሉ ከተሳሳተ፣ ምስጢሩ ካልገጠመ፣ እዚያው ይታረማል። በማግስቱ ሌላ ጉባኤ ቃና ይዞ ይመጣል። ሲጠነክር ወደ ዘአምላኪየ ያልፋል፤ እሱ ሦስት ቤት ነው። እንዲህ እያለ ነው ደረጃ በደረጃ መወድስ የሚደርሰው።

እዚህ ውስጥ ያለውን ነገር ልብ በይው። ሥራው ትንሽ ነው። በየቀኑ አዲስ ነው። በየቀኑ ያልቃል፣ በየቀኑ ይታረማል። በድምፅ ይነገራል፤ ተደብቆ አይቀመጥም። አንቺ ያደረግሽው የዚህን ተቃራኒ ነው። ከመወድሱ ጀመርሽ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ነገር አልጨረስሽም፤ ማንም አላረመሽም። ሰባት ጊዜ የጻፍሽው ሰባቱንም ጊዜ መግቢያ ነው። መግቢያ መጻፍ ተምረሻል፤ መግቢያሽ ጥሩ ነው፣ ይህን ከልቤ ነው የምልሽ። መጨረሻ መጻፍን ግን አንድ ቀንም አልተለማመድሽም።

ጓደኛሽ ስላለችው። ስጦታ የለም አልልም። የሰው አነጋገር አንዴ ሰምቶ የሚይዝ ጆሮ ያለው ሰው አለ። ግን ስጦታ ኖሯቸው ያልጨረሱ ሰዎች ረቂቅ መሳቢያዬን ሞልቶታል። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፏል። ከዚያ በፊት ጎጃም ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረዋል፣ መምህር ሆነዋል፣ ዘምተዋል፣ ጣልያን አገር ታስረዋል፣ በዲፕሎማትነት አገልግለዋል። በ27 ዓመት «አልሆነልኝም» ብሎ መዝጋት ፍርዱ ይቸኩላል።

አሁን ወደ ጽሑፍሽ። ገጽ 12 ላይ እንዲህ ይላል፦

«ሰላም በጣም አዝና ነበር። ልቧ ተሰብሮ ነበር። ከዳዊት ጋር መለያየታቸው ሕይወቷን አጨልሞባት ነበር። እንባዋ እንደ ጎርፍ ይወርድ ነበር። ሁልጊዜ አብረው በሚቀመጡባት ካፌ ብቻዋን ሆና ያለፈውን ጊዜ ታስታውስ ነበር።»

አምስት ዓረፍተ ነገር ነው፤ አምስቱም በ«ነበር» ያልቃል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ጆሮ ላይ የሚቀረው ያ የመጨረሻው ድምፅ ነው። አምስቴ ሲደጋገም ምስማር እንደመምታት ይሆናል። ከዚህም ሌላ «ነበር» ነገሩን ያርቀዋል። አልፎ ያለቀ፣ ከሩቅ የሚወራ ያደርገዋል። ካፌው ውስጥ እንድንገባ ከፈለግሽ «ገባች፣ ተቀመጠች፣ አየች» በይ። «ነበር»ን ከዚያ በፊት ለሆነው ነገር ቆጥቢው።

የ«ነበር» ነገር በግማሽ ሰዓት ይስተካከላል። የከበደው ሌላ ነው። አዘነች ትይኛለሽ፤ ሐዘኗን ግን አላየሁም። እንባ እንደ ጎርፍ የወረደው ከስንት ሺህ ሰው ዓይን ነው? ያ ቃል የሁሉም ሰው ነው፤ የሰላም አይደለም። ካፌዋን ግን አንቺ ታውቂያታለሽ። እስቲ እንዲህ አስቢው። ሰላም ገብታ የለመደችው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። አስተናጋጁ ሁለቱንም ለምዷቸዋል። ሳትጠራው ሁለት ማኪያቶ ይዞ ይመጣል። አንዱን ከፊቷ፣ አንዱን ከባዶው ወንበር ፊት ያስቀምጣል። ዳዊት የት እንዳለ አይጠይቃትም፤ እንደሚመጣ ያውቃላ። አሁን ምን ታደርጋለች? «አንዱን መልሰው» ትለዋለች? ዝም ብላ ሁለቱንም ትጠጣለች? ወይስ ሳትነካው እስኪቀዘቅዝ ቆይታ የሁለቱንም ሒሳብ ከፍላ ትወጣለች? ሁለቱንም የምትጠጣው ሰላም አንድ ሰው ናት፤ መልሰው የምትለዋ ሌላ ሰው ናት። አንዱን ስትመርጪ ማን እንደሆነች እናውቃለን። ሰሙ ማኪያቶ ነው፤ ወርቁ ሐዘኗ ነው። «አዘነች» የሚለው ቃል አንድም ቦታ ሳይገባ አንባቢው ያዝናል።

ቀሪውን እኔ አልጽፍልሽም። ሥራ ስጀምር የጀማሪዎችን አንቀጽ ራሴ አሳምሬ ጽፌ እመልስላቸው ነበር። ደስ ይላቸዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ያው ስህተት ተመልሶ ይመጣል። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ መሥራት የነበረበትን እጅ አሳርፌዋለሁ።

ወደ ንግግሩ ልለፍ። ገጽ 23 ላይ ሰላም ታክሲ ውስጥ ረዳቱን «እባክህን ወንድሜ፣ የቀረኝን ገንዘብ መልስልኝ» ትለዋለች። አንቺ ከሳሪስ ፒያሳ በየቀኑ ትመላለሻለሽ። እንዲህ ያለ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ? «ረዳት፣ መልስ!» ነው የሚባለው። ካልሰማ «የመቶ ብር መልስ አለኝ እኮ!» ይባላል። ስንጽፍ የትምህርት ቤት አማርኛችን ይመጣና የሰዎቹን አፍ ይዘጋዋል። በትረካው ላይ ጥንቃቄሽን አትጣዪ። ሰው ሲናገር ግን እንደሚናገር ይናገር።

ከዚህ የሚበልጠው የአንተ፣ የአንቺና የእርስዎ ጉዳይ ነው። ይህ ቋንቋችን ለደራሲ የሰጠው ትልቅ ሀብት ነው፤ ብዙ ጀማሪ አይጠቀምበትም። ገጽ 31 ላይ አከራይዋ ወይዘሮ ከሰላም ጋር በኪራይ ይጣላሉ። ግማሽ ገጽ ስድብ አለ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «አንቺ» ነው የሚሏት። ይልቅ እስከ ትናንት «ልጄ» ሲሏት የኖሩት ሴትዮ ጠዋት በር አንኳኩተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እርስዎ መቼ ነው የሚከፍሉት?» ቢሏትስ? አንዲት የስድብ ቃል አልወጣቸውም። ሰላም ግን ከዚያ ቤት ወጥታለች፤ ዕቃዋ ብቻ ነው የቀረው። ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» መሻገርም እንዲሁ ነው። ሁለት ሰዎች የሚፋቀሩ ከሆነ ያቺን ደቂቃ በአንድ መስመር አትዝለያት። የመጀመሪያው «አንተ» ሲወጣት ምን ተሰማት? ሰማ ወይስ አልሰማም? እሱ ብቻውን አንድ ትዕይንት ይወጣዋል።

አንድ አጭር ነገር ልጨምር። «ባለፈው ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ሠርግ ስትመለስ ዝናብ ይዟት የተጠለለችበት ሱቅ በር ላይ ያገኘችው ልጅ ደወለላት» ብለሻል። አማርኛ መግለጫውን ከስሙ በፊት ስለሚያስቀምጥ፣ አንባቢ «ልጅ» እስኪደርስ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ልጁን አስቀድሚው። ሠርጉንና ዝናቡን በኋላ በራሳቸው ዓረፍተ ነገር ስጪያቸው። ስለ ሃሌታው ሀና ስለ ሐመሩ ሐ ደግሞ አሁን አትጨነቂ። አንዱን ይዘሽ አትለዋውጪ፤ ሌላውን አራሚ ያየዋል።

ለምን ምዕራፍ አራት ላይ ትቆሚያለሽ? ምክንያቱ ድካም አይመስለኝም። ሰላም ምንም አትፈልግም። 40 ገጽ ሙሉ የደረሰባትን ነው የነገርሽን። ዳዊት ተዋት፣ አከራይዋ አስቸገረቻት፣ አለቃዋ ተቆጣት፣ አባቷ ሞተባት። እሷ ያደረገችውን አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁ። የሚደርስባት መከራ ሲያልቅብሽ ታሪኩም ይቆማል፤ ከዚያ መግቢያው የተበላሸ ይመስልሽና ወደ ምዕራፍ አንድ ትመለሻለሽ። ምዕራፍ አንድ አልተበላሸም። አንድ ሰው አንድ ነገር አጥብቆ ሲፈልግ፣ ለማግኘት አንድ ስህተት ይሠራል። ስህተቱ ሌላ ነገር ያመጣል። ቀጣዩ ምዕራፍ የሚወለደው ከዚያ ነው። ይህን በረጅም ልብ ወለድ ላይ ለመማር ዓመታት ይፈጃል። በስድስት ገጽ ታሪክ ላይ ግን በአንድ ወር ሁለት ሦስቴ ትሞክሪዋለሽ።

ስለ ማጥፋቱ ጠንከር ብዬ ልናገር። በማግስቱ አንብቦ ማጥፋት ጥራት መፈለግ ይመስላል፤ የምታጠፊው ግን ማስረጃሽን ነው። እየተሻሻልኩ መሆኔን በምን ልወቅ ብለሻል። የዛሬ ዓመት የጻፍሽው ከሌለ ከምን ጋር ታስተያይዋለሽ? እኔ በ24 ዓመቴ የሞላኋቸውን ሦስት ደብተሮች አንድ ማታ ተናድጄ ቀድጃቸዋለሁ። ጽሑፎቹ ደካማ እንደነበሩ አስታውሳለሁ። ግን አያቴ ቡና ሲያፈሉ የሚሉትን፣ ከአቦል እስከ በረካ፣ ቃል በቃል የጻፍኩት እዚያ ውስጥ ነበር። ዛሬ እሳቸውም የሉም፤ ደብተሩም የለም። እስካሁን ይቆጨኛል።

የጻፍሽው ማስጠላቱ ራሱ መጥፎ ምልክት አይደለም። ብዙ ስላነበብሽ ጆሮሽ ከእጅሽ ቀድሟል። ስለዚህ ሁለቱን አታገናኚያቸው። ስትጽፊ ጻፊ፤ ዛሬ የጻፍሽውን ነገ አታንቢ፤ እስከ ቅዳሜ ይደር። በእጅሽ ጻፊ። ወረቀት እንደ ስልክ በአንድ ጣት አይጠፋም፤ መብራት ሲሄድም አይቋረጥም።

ኮርስ ላልሽው፦ ይጠቅማል፤ ግን ምን እንደምትገዢ ዕወቂ። ኮርስ የነገሮቹን ስም ያስተምርሻል፤ ሴራ፣ ግጭት፣ መቼት፣ አንጻር። ስሙን ማወቅ ስለ ሥራሽ ለመነጋገር ይረዳል። የሚታረም ጽሑፍ ሳትይዢ ከገባሽ ግን ማስታወሻ ብቻ ይዘሽ ትወጫለሽ። ከመክፈልሽ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ «የጻፍኩትን የሚያርምልኝ ሰው አለ?» የለም ካሉሽ ገንዘብሽን መጽሐፍ ግዢበት። ለአንቺ አሁን ከኮርስ የሚሻለው ሁለት ሰው ማግኘት ነው። የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ቤት ነው። ወመዘክር፣ የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽም የመጽሐፍ ውይይት ይካሄድበታል። ሂጂ፣ ከኋላ ተቀመጪ፣ እንዳንቺ የሚጽፉ ሁለት ሰዎች ፈልጊ። ሦስት መሆን ይበቃል፤ ከዚያ ሲበዛ ወሬ ይሆናል። ስትገናኙ ጸሐፊው ድምፁን አውጥቶ ያነባል፤ ከዚያ ዝም ይላል። አይከራከርም፣ አያብራራም። ሌሎቹ ምን እንዳዩና የት ላይ እንደሰለቻቸው ብቻ ይናገራሉ። «እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የምጽፈው» ማለት ክልክል ይሁን።

ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢ የምልሽ በምክንያት ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምተው የሚያውቁት ብዙ ናቸው። መጽሐፉ በድምፅ ሲነበብም ለጆሮ የሚጥም ስለሆነ ነው ያ የሆነው። አንቺም ስታነቢ ምላስሽ የተደናቀፈበትን ቦታ በእርሳስ አስምሪበት፤ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር የተበላሸው እዚያ ጋ ነው። ከዚህ ሌላ በሳምንት አንድ ቀን ከምትወጂው ደራሲ አንድ ገጽ በእጅሽ ገልብጪ። ለልምምድ ብቻ ነው፤ የትም አይሄድም። ዓይን የሚዘለውን እጅ አይዘልም። ዓረፍተ ነገሩ የት እንዳጠረ፣ ንግግሩ የት እንደተቆረጠ፣ ደራሲው ምን እንዳልተናገረ የሚታይሽ ያኔ ነው።

የምትሠሪው ፒያሳ መሆኑንም አቅልለሽ አትዪው። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ምን ያህል ነገር አብሮ እንደሄደ አይተሻል። ያንን ሰፈር ነገ በልብ ወለድ ሊያስነሳው የሚችለው፣ ሰፈሩ እያለ ደብተር የያዘ ሰው ነው። ከምሳ ሰዓትሽ 10 ደቂቃ ውሰጂ። አንድ ቦታ ቁሚና አንድ ሰው ብቻ እዪ። ልብሱን ተዪው፤ እጁ ምን ይሠራል? ምን አለ፣ በምን ቃል? ባለፈው ሳምንት ከአራዳ ጊዮርጊስ ወረድ ብዬ ያየሁትን ልንገርሽ። አንድ ሽማግሌ ጫማ እያስጠረጉ ነው። የሊስትሮውን ልጅ ደብተር በእጃቸው ይዘዋል። «ሰባት ጊዜ ስምንት?» አሉት። ልጁ ብሩሹን አቆመ። መልሱን እስኪያገኝ ድረስ ጫማው ግማሹ አብርቶ ግማሹ አቧራ እንደሆነ ቀረ። እኔ ይህን ካላየሁ በአሥር ዓመትም አልፈጥረውም።

ጥቂት ነገር ተጠንቀቂ። ቢያንስ ለሦስት ወር ቴሌግራም ላይ «ክፍል 1፣ ክፍል 2» እያልሽ አትልቀቂ። ላይክ ደስ ይላል። «ቀጥይበት ውዴ» የሚል አስተያየት ግን የት እንደተሳሳትሽ አይነግርሽም፤ አንባቢ ቀጣዩን እየጠበቀሽ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሰሽ ማረም አትችይም። እናትሽንም የመጀመሪያ አንባቢ አታድርጊያቸው። የሚወዱሽ እሳቸው አንቺን ነው የሚያነቡት። የምታውቂውን ሰው ታሪክ ውስጥ ስታስገቢ ስሙን መቀየር አይበቃም፤ ሥራውን፣ ሰፈሩን፣ መልኩንም ቀይሪ። ለማሳተምም አትቸኩይ። እዚህ ከተማ አዲስ ደራሲ የማተሚያ ቤቱን ወጪ ብዙ ጊዜ ከኪሱ ነው የሚከፍለው። ዕቁቡን አንስቶ ያሳተመና መጽሐፉን አልጋው ሥር የደረደረ ሰው አውቃለሁ። ታሪኩ ጥሩ ነበር። አንድ ዙር እርማት ነው የቀረው።

አሁን የምመክርሽን ልንገርሽ። ረጅሙን ልብ ወለድ ፖስታ ውስጥ አድርገሽ እሸጊው፤ ሦስት ወር አትክፈቺው። ቃል መቁጠሩን ዛሬ አቁሚ። በሳምንት አምስት ቀን፣ ከሥራ በፊት፣ 40 ደቂቃ ጻፊ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል መነሳት ይከብዳል፤ ግን ማታ የሚቀርሽ የተረፈ አንጎል ነው። የቀኑ ሥራሽ አንድ ትዕይንት ይሁን። አንድ ቦታ፣ ሁለት ሰው፣ አንዱ የሚፈልገውና ሌላው የማይሰጠው አንድ ነገር። ግማሽ ገጽ ይበቃል፤ መጨረሻ ግን ይኑረው። ጉባኤ ቃናሽ እሱ ነው። ቅዳሜ ቤት ውስጥ ጸጥታ ካጣሽ 4 ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ግቢ። አምስቱን አውጥተሽ አንብቢና አንዱን ምረጪ፤ ከዚያ ሸፍነሽው እንደ አዲስ ጻፊው። መማሩ በዋናነት ያለው እዚህ ሁለተኛ ጽሑፍ ላይ ነው። እሑድ ለሁለቱ ጓደኞችሽ አንብቢላቸው። በየወሩ አንዱን ትዕይንት ወደ አጭር ልብ ወለድ አሳድጊው፤ ከአምስት እስከ ስምንት ገጽ። በሦስት ወር ሦስት ያለቀ ታሪክ ይኖርሻል።

በዚያ ደብተር ላይም በቃል ቁጥር ፋንታ ሌላ ነገር መዝግቢ። አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽ፤ መዝገብ አያያዝ ታውቂያለሽ። በየቅዳሜው ሦስት መስመር ጻፊ፦ ምን ጨረስኩ? የትኛው ስህተቴ ተደገመ? ጓደኞቼ የት ላይ ሰለቻቸው? በመጀመሪያው ወር የተመዘገበ ስህተት በሦስተኛው ወር ካልታየ ተሻሽለሻል። ለጥያቄሽ ያለኝ መልስ ይህ ነው። አዲስ ስህተት ሲመጣ አትደንግጪ፤ ከባድ ነገር መሞከር ስትጀምሪ ነው የሚመጣው። ያመለጠሽን ቀን ደግሞ እንደ ዕዳ ወደ ነገ አታዙሪው። ነገ የነገን አንድ ትዕይንት ብቻ ጻፊ።

ይህ ሥራ በሦስት ወር ደራሲ አያደርግሽም። በአማርኛ ልብ ወለድ ብቻ የሚተዳደር ሰው በጣም ጥቂት ስለሆነ የሒሳብ ሥራሽን እንዳትለቂ። ፖስታውን ስትከፍቺ ከ40 ገጽ ውስጥ የሚተርፈው አምስት ገጽ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ግን የትኞቹ አምስት እንደሆኑ ራስሽ ታውቂያለሽ።

የመጀመሪያው ታሪክ ከየት ይምጣ ካልሽ፣ ከላክሽው ውስጥ አለ። ገጽ 37፣ ከታች ሁለተኛው መስመር። የሰላም አባት ከሞቱ በኋላ ኮታቸው ሊታጠብ ሲል ኪሱ ውስጥ የሎተሪ ቲኬት ይገኛል፤ ዕጣው ገና አልወጣም። አንድ ዓረፍተ ነገር ሰጥተሽው አልፈሻል። እኔ እዚያ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ቲኬቱን ማን ያዘው፣ እናትየው ወይስ ወንድምየው? ዕጣው የሚወጣው ከአርባቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሰላም እንዲወጣ ትፈልጋለች ወይስ እንዳይወጣ? ሰኞ ጠዋት ከዚያ ጀምሪ። ስትጨርሺው ላኪልኝ፤ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ እመልስልሻለሁ።